ዕውቀት አማካሪ ይሻል
የዩኒቨርስቲ ተማሪዎቻችንና ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮጀክቶች



ውድ አንባብያን! በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በጪራና በሌሎቹም፣ የቀይ ቡና ለቀማ ሲደርስ ከቤተሰቡ ወጪዎች ሁሉ ቀድሞ የሚታሰብ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የተማሪው ልጅ ጉዳይ ነው። የዓመቱ ቡና ተሸጦ ቆርቆሮው ሳይቀየር፣ በሬው ሳይገዛ፣ በቅድሚያ የልጁ የመሳፈሪያ፣ የልብስና የኪስ ገንዘብ ይነሣል። ይህ የወላጆች መሥዋዕትነት ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል።

ይሁንና በመምህርነታችን ከወላጆች የምንሰማው ጥያቄ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተለውጧል። ቀደም ሲል «ልጄ ዩኒቨርስቲ ይገባልኝ ይሆን?» ይሉን ነበር። አሁን ግን «ልጄ ተመርቋል፤ ፎቶግራፉም ከግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ታዲያ እስከ መቼ ቤት ይቀመጣል?» ይሉናል። ጥያቄው ከባድ ነው። መልሱም አንድ ብቻ አይደለም፤ የሥራ ማጣት ችግር የአገር ችግር ነውና። ነገር ግን ተማሪው ከምረቃው በፊት ሊያገኘው ሲችል ሳያገኘው የሚቀር አንድ ነገር እንዳለ እናምናለን። እርሱም ከመማሪያ ክፍል ውጭ የሆነ እውነተኛ ሥራና ሥራውን እያየ የሚያርመው አማካሪ ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ በአንድነት ሲጠሩ በዓለም ዙሪያ «ስቴም» ይባላሉ። በእነዚህ ሙያዎች ለሚማሩ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ልዩ ልዩ ተቋማት የሚያዘጋጇቸው «የሜንተርሺፕ» ፕሮግራሞች አሉ። ቃሉ ባዕድ ይምሰል እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሙያው የበሰለ ሰው ጀማሪውን ከጎኑ ያስቀምጠዋል፤ ሥራ ይሰጠዋል፤ ሲሳሳት ያርመዋል፤ ብቁ መሆኑን ሲያምን ደግሞ ይመሰክርለታል።

ከመድረሳ ያለፍን ሰዎች ይህን ሥርዓት ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ደረሳ ኪታቡን ይዞ ከሸኹ ፊት ይቀመጣል፤ ያነባል፤ ይታረማል። ለአንድ የዕውቀት ዘርፍ ሲል ከጅማ ወሎ፣ ከወሎ ሐረር የሚጓዝ ደረሳ ጥቂት አልነበረም። በመጨረሻም ኢጃዛ የሚሰጠው በሸምዳጅነቱ ሳይሆን ሸኹ ችሎታውን አይቶ ስላረጋገጠ ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር አማካይነት ከሌላ አህጉር የሚሰጠው ምክርም በአሠራሩ ከዚሁ እምብዛም አይርቅም። የተለወጠው መንገዱ ነው።

ለጅማ አዲስ አይደለም

ጅማ ከውጭ ዩኒቨርስቲዎች ጋር መሥራት የጀመረችው ትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑን በመላክ የረዳው በአሜሪካ የሚገኘው የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ነበር። የዓለማያ ኮሌጅ ግንባታ ሳይጠናቀቅ የመጀመሪያዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ትምህርታቸውን የጀመሩትም እዚሁ ጅማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም ተመሠረተ። ሁለቱ ተቋማት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 ተዋሕደው የዛሬው ጅማ ዩኒቨርስቲ ሆኑ።

የጤና ሳይንስ ተቋሙ ከጅምሩ የያዘው መንገድ ለሌሎችም አርአያ የሚሆን ነበር። ተማሪው በክፍል ውስጥ ብቻ እንዲማር አልተተወም። ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በቡድን ሆኖ ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር ወጥቶ የሕዝቡን ችግር እንዲያጠና፣ ችግሮቹን በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ፣ መፍትሔ እንዲያቅድና በአቅሙም እንዲሠራ ተደርጓል። ሊመረቁ የተቃረቡ የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው እንደ አጋሮ፣ ሸቤ፣ አሰንዳቦና ሰርቦ ባሉ ከተሞች በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ለሳምንታት ይሠሩ ነበር። አሠራሩ ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት ይባላል። የአጋሮና የሰርቦ እናቶችም ነጭ ጋውን የለበሱ ወጣቶች በር እያንኳኩ ስለ ውሃና ስለ መጸዳጃ ሲጠይቋቸው ያስታውሳሉ።

ከግቤ ውሃ ዳር የተገኘ ትምህርት

የአማካሪ ጥቅም ምን እንደሆነ በቅርባችን ካለው ከግልገል ግቤ ይታያል። የመጀመሪያው የግልገል ግቤ ኃይል ማመንጫ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ኖሮት እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀመረ። ግድቡ ለአገር መብራት ሰጠ፤ በዙሪያው ለሚኖሩ ገበሬዎች ግን «የተኛው ውሃ በልጆቻችን ጤና ላይ ምን ያመጣ ይሆን?» የሚል ጥያቄ አስነሣ።

ይህን ለመመርመር ጅማ ዩኒቨርስቲ ከቤልጅየም ዩኒቨርስቲዎች ጋር ተባበረ። በቤልጅየም መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረውና ለዓመታት የዘለቀው ይህ ትብብር በጤና፣ በአካባቢ ጥበቃ፣ በአፈር ለምነት፣ በእንስሳት እርባታና በሕፃናት አመጋገብ ላይ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ወጣት ምሁራንን ከውጭ አማካሪዎች ጋር አገናኘ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ አንድ ጥናት ተመራማሪዎቹ ከግድቡ ውሃ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉትን መንደሮች ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚገኙት ጋር አነጻጸሩ። በውሃው አጠገብ የሚኖሩት ሕፃናት በወባ የመያዝ አደጋቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ጥያቄው የእኛው አገር ጥያቄ ነበር። ደም የመረመሩት፣ ትንኝ የያዙት፣ በአፋን ኦሮሞ እናቶችን ያነጋገሩት የእኛው ልጆች ናቸው። የውጭው አማካሪ ያመጣው የአሠራር ዘዴን፣ የላቦራቶሪ ልምድንና «ይህን በምን አረጋገጥህ?» የሚለውን ጥብቅ ጥያቄ ነው። ፕሮጀክት ያልቃል፤ ገንዘቡም ይቆማል፤ በሥራ ላይ የሠለጠነው ሰው ግን ይቀራል። ዛሬ በጅማ ተማሪዎችን ከሚያማክሩት መካከል ትናንት በዚሁ መንገድ የተማከሩ ይገኙበታል።

ሰባ አራት የሚለው ቁጥር

ሌላው ምሳሌ ከቡናው ማሳ የሚገኝ ነው። የቡና ፍሬን አጥቁሮ የሚያደርቀው በሽታ በመጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1922 በኬንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ አገራችን ገብቶ ተገኘ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ገበሬ ምርቱን አጥቷል። በጅማ መልኮ የሚገኘው የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች ታዲያ መፍትሔ ፍለጋ ጫካ ገቡ። በሽታው በየቦታው ሲያጠፋ ሳይነኩ የቆሙ የቡና ዛፎችን መረጡ፤ ዘራቸውን ወስደው በበሽታው ፈተኑ፤ የተቋቋሙትንም አባዝተው ለገበሬው አከፋፈሉ።

ዛሬ በጅማና በኢሉባቦር ገበሬው 74110፣ 74112፣ 74158 እያለ የሚጠራቸው የቡና ዓይነቶች የዚያ ሥራ ውጤቶች ናቸው። መነሻው 74 ዛፎቹ የተመረጡበትን 1974 እ.ኤ.አ. ያመለክታል። ለልጆቻችን የሚነገር ታሪክ ይህ ነው። ሳይንስ ማለት መጽሐፍ ማነብነብ ብቻ አይደለም፤ ከአባትህ ማሳ ፊት ቆመህ «ይኸኛው ዛፍ ለምን ዳነ?» ብለህ መጠየቅ ነው።

ዛሬ የሚንኳኩት በሮች

ለዛሬው ተማሪ ምን ምን በሮች አሉለት? ሁሉንም መዘርዘር ባይቻልም የምናውቃቸውን ጥቂቶች እንጥቀስ።

አንደኛው የጎግል የበጋ ኮድ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀመረ። ወጣቱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከሚሠራ ድርጅት ጋር ይገናኛል፤ የሥራ ዕቅድ ጽፎ ያቀርባል፤ ተቀባይነት ካገኘ በአማካሪ እየታገዘ ለወራት ይሠራል። ከአገሩ መውጣት አያስፈልገውም። ሥራውን ሲያጠናቅቅም ክፍያ ይሰጠዋል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዩኒቨርስቲ ላልተመዘገቡ ጀማሪዎችም ተከፍቷል፤ ዕድሜ ግን 18 መሙላት አለበት።

ሁለተኛው የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ዓለም አቀፍ የፕሮግራሚንግ ውድድር ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1970 በቴክሳስ ነበር። ሦስት ተማሪዎች አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ይሰጣቸዋል፤ በ5 ሰዓት ውስጥ የቻሉትን ያህል የሒሳብና የሎጂክ ችግር ይፈታሉ። በአገራችንም ብሔራዊ ውድድር ይካሄዳል፤ የተሻሉት ወደ አፍሪካና ዐረብ አገሮች ውድድር ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በግብፅ ሉክሶር የዓለም ፍጻሜ ውድድር ተደርጓል። ዋናው ትርፍ ዋንጫው አይደለም፤ ሦስት ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር ሳይጣሉ መሥራት መቻላቸው ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሦስተኛው «ከአፍሪካ ወደ ሲሊኮን ቫሊ» የሚባለውና ኤምሬ ቫሮል የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2019 የመሠረተው ድርጅት ነው። የዩኒቨርስቲ ተማሪዎችን ያለ ክፍያ አሠልጥኖ በእውነተኛ ፕሮጀክቶች ላይ ያሰማራል። ከሠልጣኞቹም ታላላቅ የዓለም ኩባንያዎች የቀጠሯቸው አሉ። ሥልጠናው የተጀመረው በአዲስ አበባና በአዳማ ባሉ ዩኒቨርስቲዎች በመሆኑ ለጅማ ተማሪ ርቀቱ ተሰምቶታል። የጅማ ተማሪ ግን በአእምሮ አያንስም፤ ያነሰው መረጃና ቅርበት ነው።

ለታናናሾቹም የታሰበላቸው አለ። እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነው የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሁር ጄላኒ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ «አዲስ ኮደር» የተባለውን የክረምት ትምህርት ጀመረ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በነጻ ተቀብሎ ለሳምንታት ያስተምራል፤ እስካሁን ከ500 በላይ ወጣቶች አልፈውበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በኢትዮጵያና በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ትብብር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ይፋ ሆነ፤ የፕሮግራሚንግ፣ የዳታና የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ትምህርቶችን በኢንተርኔት ያለ ክፍያ አቅርቧል።

የወላጆች ሥጋት

ስለነዚህ ፕሮግራሞች በተናገርን ቁጥር ከወላጆች የሚነሡ ሥጋቶች አሉ። ተገቢ ሥጋቶች ናቸውና ልናቃልላቸው አይገባም።

የመጀመሪያው የማጭበርበር ጉዳይ ነው። «ውጭ አገር እንልክሃለን፣ አማካሪ እናገናኝሃለን» እያሉ የቡና ሽያጭ የደረሰበትን ወቅት ጠብቀው ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። አንድ አባት ለዚህ ብሎ የጀንፈሉን ገንዘብ ቢሰጥ የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ለሚቀጥለው እውነተኛ ዕድል የሚኖረውንም እምነት ነው። መለያው ግን አስቸጋሪ አይደለም። ከላይ የጠቀስናቸው ሥልጠናዎች ተማሪውን ገንዘብ አይጠይቁም። ለማመልከቻ ወይም ለቋንቋ ፈተና ክፍያ የሚጠይቁ እውነተኛ ተቋማት መኖራቸው አይካድም፤ እነርሱ ግን የሚከፈለውን በይፋ ያሳውቃሉ፤ ገንዘቡም የሚገባው ወደ ተቋሙ እንጂ ወደ አንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ አይደለም። «ዛሬ ካልከፈልክ ነገ ያልፍሃል» የሚል ሰው ሲመጣ በሩን መዝጋት ይበጃል። ማንኛውንም ደብዳቤ ከመፈረምና ፓስፖርት ከመስጠት በፊትም ለትምህርት ክፍሉ መምህር ማሳየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የሴት ልጆቻችን ጉዳይ ነው። «ልጄን ብቻዋን ወዴት እልካታለሁ?» የሚል ወላጅ ጥያቄው ከፍቅርና ከኃላፊነት የመነጨ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ጉዞ አያስፈልጋቸውም። ልጅቷ ከዩኒቨርስቲው ቤተ መጻሕፍት ወይም ከቤቷ ሆና ትሠራለች። ሴት አማካሪ እንድትመደብላት መጠየቅም ትችላለች፤ በዚህ የሚቀየም ቁም ነገረኛ ተቋም የለም። ጉዞ ካስፈለገም ማን እንደሚያሳድራት፣ ከማን ጋር እንደምትሄድ፣ መቼ እንደምትመለስ በጽሑፍ ይጠየቅ። ጠይቆ አጥጋቢ መልስ በማጣት መከልከል አንድ ነገር ነው፤ ሳይጠይቁ መከልከል ግን ሌላ ነው። የዘንድሮዋ ተማሪ የነገዋ ሐኪም፣ መምህርትና የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። እናቶቻችን ሴት ሐኪም ሲፈልጉ ከየት ልናመጣላቸው ነው?

ሦስተኛው «ልጆቻችንን ወስደው ያስቀሩብናል» የሚለው ነው። ይህም እውነትነት አለው፤ ሄደው የቀሩ አሉ። ሆኖም በሩን መዝጋት ልጁን አያስቀረውም። በሙያው የሚሠራበት ነገር ያጣ ወጣት በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በአደገኛው የበረሃና የባሕር መንገድ መሄዱ አይቀርም። በአገሩ ችግር ላይ ፕሮጀክት የሠራ ልጅ ግን የሚመለስበት ምክንያት ይኖረዋል። ውጭ ቢቀመጥ እንኳ ታናናሾቹን ማማከር ይችላል። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከሚልኩት ገንዘብ በተጨማሪ በሳምንት የአንድ ሰዓት ምክር ቢልኩ ምን ያህል በጠቀሙን!

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በውጭ ገንዘብ ላይ ብቻ የቆመ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ሊቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ሲዘጋ በአገራችን የነበሩ በርካታ ፕሮጀክቶች በድንገት መቋረጣቸውን አይተናል። ስለዚህ ተማሪው ፕሮግራሙን እንደ መሰላል ይጠቀምበት እንጂ እንደ ቤት አይኑርበት።

ከምን ይጀመር?

ወጣቶች ሆይ! አማካሪ የሚገኘው ሥራ ላለው ሰው ነው። «እርዱኝ» ብሎ ብቻ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ «ይህን ሞከርኩ፣ እዚህ ላይ ደረስኩ፣ ይህ አቃተኝ» የሚል ግን ጥቂት ነው፤ መልስ የሚያገኘውም እርሱ ነው። ደብዳቤአችሁ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ማን እንደሆናችሁ በሁለት መስመር፣ የሠራችሁትን በአንድ አንቀጽ፣ የምትፈልጉትን በአንድ ጥያቄ ግለጹ። መልስ ባይመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በትሕትና አስታውሱ፤ ያም ካልሆነ ወደ ሌላ ሂዱ።

የሚሠራ ነገር ከጠፋባችሁ ወደ መንደራችሁ ተመልከቱ። የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች በለቀማ ወቅት የሚለቁት ፍሳሽ በውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ለዓሣና ለሌሎች ነፍሳት የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ በጅማ ዞን ወንዞች ላይ የደረሰው ጉዳትም ተጠንቷል። የኬሚስትሪ ተማሪ ከጣቢያው በላይና በታች ያለውን ውሃ በየሳምንቱ ቢለካ ጥሩ ፕሮጀክት ነው። በአልጋ ላይ የሚደርቅ ቡና እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ እስኪወርድ መጠበቅ አለበት፤ ብዙ ገበሬ ግን የሚለካው በጥርሱ ነው። የኤሌክትሪካል ተማሪ ርካሽ መለኪያ ለመሥራት ቢሞክርስ? የገበሬ ማኅበራት የቀይ ቡና ሚዛናቸውን የሚመዘግቡት በደብተር ነው። የኮምፒዩተር ተማሪ በስልክ የሚሠራ መዝገብ በአፋን ኦሮሞ ቢያዘጋጅላቸውስ? እነዚህ ከማንም ፈቃድ የማይፈልጉ ጅማሬዎች ናቸው። ለዓለም አቀፉ አማካሪም ከተገለበጠ የመመረቂያ ጽሑፍ ይልቅ እንዲህ ያለው ሥራ ይበልጥበታል።

መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔት ይቆራረጣል። ይህን እናውቃለን። ስለዚህ አራት ወይም አምስት ሆናችሁ ተሰባሰቡ። አንዱ ኮምፒዩተር ያለው፣ አንዱ እንግሊዝኛ የሚጽፍ፣ አንዱ ሒሳብ የሚችል ይሁን። ትምህርቱን በምትችሉበት ሰዓት አውርዳችሁ በጋራ አንብቡ። ሐልቃ ለኪታብ ብቻ አይደለም፤ ለአልጎሪዝምም ይሆናል።

ወላጆች ደግሞ ልጃቸው ክረምቱን ከኮምፒዩተር ፊት ሲያሳልፍ «ዝም ብሎ ይጫወታል» ከማለታቸው በፊት ምን እየሠራ እንደሆነ ይጠይቁት። ሊገልጽላቸው ከቻለ ሥራ ነው፤ ካልቻለ ይመከር። በየከተማው ያለን መምህራንም የማመልከቻ ጊዜዎችን አጣርተን በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ መለጠፍ፣ ደብዳቤ ማረም፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችንን ከአዲሶቹ ጋር ማገናኘት ከባድ ወጪ የማይጠይቀን አገልግሎት ነው። በየመስጂዱ አጠገብ ያሉ ክፍሎች ከመግሪብ እስከ ዒሻ ለጥናት ቢከፈቱ ስንቱን ተማሪ ይረዱ ነበር።

ውድ አንባብያን! ከሃምሳ ዓመት በፊት በመልኮ ባለሙያዎች የተመረጠው የቡና ዛፍ ዛሬም ለልጅ ልጆች ያፈራል። ያን ዛፍ ያገኘው ሰው የዛፉን መዳን ዓይቶ ያለፈ ሳይሆን ምክንያቱን የጠየቀ ነው። በመካከላችንም እንዲሁ ሳይታዩ የቆሙ ልጆች አሉ። ፈልገን እናግኛቸው፤ አማካሪ እንፈልግላቸው፤ ውጤቱን ደግሞ አላህ ያሳምርልን።